የዘይት ግፊት ሲወርድ፦ የትራክተር ሞተር ከማስፈታታችሁ በፊት

በደብረ ኤልያስ ወረዳ የስንዴና የበቆሎ ማሳ በኪራይ የሚያርስ፣ ባለ 4 ሲሊንደር የፐርኪንስ ሞተር የተገጠመለት አንድ ያገለገለ ማሴይ ፈርጉሰን ትራክተር ከወንድሜ ጋር በጋራ አለን። የዚህ ሞተር የዘይት ግፊት በእርሻ ወቅት መካከል ወርዶ፣ ሞተሩ መጀመሪያ ከላይ፣ ቀጥሎ ደግሞ ከታች ተፈትቶ፣ ገንዘቡም ወቅቱም ከእጃችን ሲወጣ ያየሁትን የምጽፈው ሌላው የትራክተር ባለቤት ቢያንስ ከመጀመሪያው ወጪ እንዲተርፍ ብዬ ነው። መካኒክ አይደለሁም፤ የምናገረው ጋራዥ ውስጥ ቆሜ ካየሁት፣ ከሞተሩ የጥገና መጽሐፍ ካነበብሁትና ብዙ ሞተር ፈትተው ከገጠሙ አንድ አዛውንት ከሰማሁት ነው።

ችግሩ በሁለት ምልክት መጣ። በመጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ሲነሳ የሚወጣው ጭስ ወደ ሰማያዊ ማድላት ጀመረ፤ ዘይትም ቶሎ ቶሎ መጨመር ግድ ሆነ። በዚህ ሁኔታ ከቆየ በኋላ፣ አንድ ቀን ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነጂያችን ደውሎ «ጋሼ፣ የዘይቱ መብራት ዓይኑን እየጠቀሰ ነው፤ ነዳጅ ስሰጠው ይጠፋል፣ ስለቅቀው ይመለሳል» አለኝ። ብዙ ነጂ «ነዳጅ ስሰጠው ይጠፋል» የሚለውን እንደ መጽናኛ ይወስደዋል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። ያቺ ቀይ መብራት የምትበራው ግፊቱ እጅግ ሲወርድ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) በታች ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ መብራቷ ስትታይ ችግሩ የጀመረ ሳይሆን የቆየ ነው ማለት ነው፤ በሥራ ላይ እያለ ከበራች ደግሞ የያዙትን ትልም እንኳ ሳይጨርሱ ሞተሩን ማጥፋት ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው የዘይት መለኪያው ዘንግ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው የዘይቱን መጉደል ነው፤ መጨመሩ ግን ከዚያ ያላነሰ አደጋ ነው። አንድ ጎረቤታችን ዘይት ሳይጨምር መጠኑ ከምልክቱ በላይ ከፍ ብሎ ሲያገኘው ደስ ብሎት ነበር። ኋላ ሲታይ ነዳጅ ከታንከር የሚስበው ትንሹ ፖምፓ ውስጥ ያለው ላስቲክ ተቀድዶ ናፍጣ ወደ ዘይቱ ይወርድ ኖሯል። በናፍጣ የቀጠነ ዘይት ግፊት ሊይዝ አይችልም። ዘንጉን አውጥታችሁ አሽትቱት፤ አንድ ጠብታም በነጭ ወረቀት ላይ አኑሩና ጥቂት ቆይታችሁ ተመልከቱ። ከጥቁሩ ነጥብ ውጭ ሰፋ ያለ የነጣ ቀለበት ከተዘረጋ ናፍጣ ገብቶበታል። ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ደግሞ ውኃ አለበት። ሁለቱም ሞተር ሳይፈታ የሚታወቁ ነገሮች ናቸው። የእኛው ዘይት ከሁለቱም ነጻ ነበር።

ትራክተሩን መጀመሪያ የወሰድንበት ጋራዥ፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ ወፈር ያለ ዘይት ሞላበትና መብራቷ ለጥቂት ጊዜ ጠፋች። ወፍራም ዘይት በሰፋ ክፍተት ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚያልፍ የግፊቱን ቁጥር ከፍ ያደርገዋል፤ የተበላውን ብረት ግን አይመልሰውም፤ በጎጃም የጠዋት ብርድ ደግሞ ሞተሩ ሲነሳ ወደ ላይኞቹ ክፍሎች ለመድረስ ይዘገያል። መብራቷ ስትመለስ «ሞተሩ አልቋል፤ ፒስቶንና ፋሻ ይቀየር» ተባለ። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ወረደ፣ ካሚቻው (ፒስቶኑ የሚመላለስበት የሲሊንደር እጀታ)፣ ፒስቶኑና ፋሻው (ፒስቶኑን የሚከብቡት ቀለበቶች) በአዲስ ተተካ። ሰማያዊው ጭስ በእርግጥ ጠፋ፣ ሞተሩም በቀላሉ ይነሳ ጀመር። መብራቷ ግን ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ እንደ ቀድሞው በራች።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳኝ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። «ሞተር አለቀ» በሚለው አንድ ቃል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ይጨፈለቃሉ። ፋሻና ካሚቻ የሚይዙት የቃጠሎውን ግፊት ነው፤ እነርሱ ሲበሉ ሞተሩ ዘይት ይበላል፣ ይጨሳል፣ ጉልበት ያንሰዋል፣ በትንፋሽ መውጫውም እንፋሎት ይተፋል። የዘይት ግፊት ግን በእነርሱ በኩል አያልፍም። ዘይቱ ከኮፓ (ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ገንዳ) በማጣሪያ ወንፊት ተስቦ፣ በፖምፓ ተገፍቶ፣ በፊልትሮ (በዘይት ማጣሪያው) አልፎ፣ ኮሎው (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ወደሚሽከረከርባቸው ብሮንዞች፣ ማለትም ስስ የብረት ማረፊያዎች፣ ከዚያም ወደ ካም ዘንጉና ወደ ቫልቭ መምቻዎቹ ይሄዳል። የፖምፓው ሥራ ዘይቱን መግፋት ነው፤ ግፊት የሚፈጠረው ዘይቱ በጠባቡ ክፍተት ለመውጣት ሲቸገር ነው። ክፍተቱ ከሰፋ፣ በየጎኑ እንደተናደ ቦይ፣ ውኃው ዳር ማሳው ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል። እንግዲህ የዘይት ግፊት ወረደ ብሎ ፋሻ ለመቀየር የሚነሳ መካኒክ ካጋጠማችሁ «ፋሻው ከዘይት ግፊቱ ጋር የሚገናኘው በየት በኩል ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሁለቱ ሕመሞች በአንድ ሞተር ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ፤ የእኛም ሞተር ሁለቱም ነበሩበት። የአንዱ መድኃኒት ግን ለሌላው አይሆንም።

ጋራዡ በዚህ አላበቃም። ኮምፕሬሽኑ (ሲሊንደሩ አየሩን የሚጨምቅበት ግፊት) ተለካና አራቱም ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው ተቀራራቢ ሆነው ሳለ፣ ቁጥሩ መጽሐፉ ላይ ካለው ስላነሰ ቴስታታው እንደገና ይውረድ ተባለ። ይህን ሐሳብ ያስቆሙልን በደብረ ማርቆስ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በትራክተር ጥገና ያሳለፉ አንድ አዛውንት መካኒክ ናቸው። «ልጄ፣ መጽሐፉ የተጻፈው ለቆላ ነው» አሉኝ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን፣ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተሩ የሚጨምቀው ይህንኑ ሳሳ ያለ አየር ስለሆነ ጤነኛ ሲሊንደርም በዚያው ልክ ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ደጋ ላይ ኮምፕሬሽን ስታስለኩ ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ አራቱን እርስ በርስ አወዳድሩ፤ ከሌሎቹ ለብቻው ጎልቶ የወረደ ካለ ጥርጣሬው በእርሱ ላይ ይሁን።

አዛውንቱ ሞተሩን ከመንካታቸው በፊት ያደረጉት ነገር ቀላል ነበር። የመብራቷን መቀስቀሻ ከሞተሩ ጎን ፈትተው በቦታው ቱቦ ያለው የግፊት ጌጅ አሠሩ። የመብራቷ መቀስቀሻ ራሱ ሊበላሽ፣ ሽቦውም ከአካል ጋር ሊነካካ ስለሚችል፣ በጌጅ ያልተረጋገጠ የመብራት ወሬ ሞተር ለማስፈታት በቂ አይደለም። ጌጁ የሚጠይቀው ዋጋ አንድ ትራክተር በአንድ ቀን አርሶ ከሚያስገባው ያነሰ ነው።

ሞተሩ በብርዱ ሲነሳ መርፌው ወዲያው ወደ 55 ወጣ። ይህን ብቻ አይቶ «ደህና ነው» የሚል ብዙ ነው፤ ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ የተበላ ሞተርንም ጤነኛ ያስመስለዋል። እርሳቸው ግን ትራክተሩን ማሳ ውስጥ አስገብተው ከባድ ማረሻ እየሳበ በደንብ እስኪሞቅ ድረስ ካሠሩት በኋላ እንደገና ለኩ። በሙሉ ፍጥነት 22፣ ያለ ሥራ በዝግታ ሲዞር ደግሞ 8 ፒ ኤስ አይ ሆነ። ለዚህ ሞተር መጽሐፉ የሚያዝዘው በሙሉ ፍጥነትና በሥራ ሙቀት ከ30 እስከ 60 ፒ ኤስ አይ ነው፤ በባር ለሚለካ ከ2 እስከ 4 ገደማ ማለት ነው። የእናንተ ሞተር ሌላ ዓይነት ከሆነ የራሱን ቁጥር ከራሱ መጽሐፍ ፈልጉ።

ከቁጥሩ ይልቅ ግን የመርፌው ጠባይ ብዙ ይናገራል። የእኛው ቀዝቃዛ ሳለ ከፍ ብሎ፣ ሲሞቅ ቀስ በቀስ የሚወርድ ነበር፤ ይህ ክፍተት እንደሰፋ፣ ማለትም ብሮንዞቹ ወይም ፖምፓው እንደተበሉ ያመለክታል። ሞተሩ ቀዝቃዛም ሆነ ትኩስ ግፊቱ ዝቅተኛ ሆኖ፣ ፍጥነት ሲጨመርም የማይነሳ ከሆነ ትርፍ ግፊት የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ክፍት እንደሆነ ተጣብቋል ወይም ሞላው ተሰብሯል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። በአንዳንድ ትራክተሮች ይህ ቫልቭ ከውጭ በአንድ ቡሎን የሚፈታ ስለሆነ ከሁሉ በፊት እርሱን ማየት ይበጃል፤ በእኛ ሞተር ላይ ግን ከፖምፓው ጋር ኮፓ ውስጥ ተሸሽጓል። ሞተሩ ሲነሳ መርፌው ለመውጣት የሚዘገይ፣ ወይም እየተንቀጠቀጠ የሚቆም፣ ወይም ፍጥነት ሲበዛ ወደ ታች የሚመለስ ከሆነ ችግሩ በመሳቢያው በኩል ነው፤ ወንፊቱ በጭቃማ ዘይት ተደፍኗል፣ አለዚያም የመሳቢያው ቱቦ በመጋጠሚያው አየር ይስባል። እነዚህ የኋለኞቹ ኮፓ አውርዶ በማጽዳት ወይም አንድ ማሸጊያ በመቀየር የሚያልቁ ናቸው፤ መርፌውን ያላየ ሰው ግን ለእነርሱም ሙሉ ሞተር ሊያስፈታ ይችላል።

ቀጥሎ የወጣው የዘይት ፊልትሮ ነበር። አዛውንቱ ፊልትሮውን ወደ ቆሻሻ እንዲጣል አልፈቀዱም፤ ቆርቆሮውን ከአፉ ዙሪያ በመጋዝ አስቆርጠው፣ የመጋዙ ብናኝ እንዳይቀላቀልበት ጫፉን ጠርገው፣ ውስጡ ያለውን ጥፍጥፍ ወረቀት በቢላ አወጡና በበርሜል ክዳን ላይ ዘረጉት። ዘይቱ እስኪንጠፈጠፍ ድረስ ከጠበቅን በኋላ እጥፋቶቹን አንድ በአንድ እየገለጡ ለፀሐይ አዘነበሉት። በእጥፋቶቹ ሥር ሽበት የመሰለ የሚያብረቀርቅ ደቃቅ ነገር ተኝቶ ነበር፤ በመካከሉም እዚህም እዚያም ወደ ቀይ ያደሉ ስስ ቅርፊቶች ይታያሉ። ማግኔት በላስቲክ ጠቅልለው አለፍ አለፍ ሲያደርጉበት ጥቂቱ ብቻ ተነሣ። ማግኔት የሚያነሣው ከኮሎ፣ ከካሚቻ፣ ከፋሻና ከጥርሳ ጥርስ የሚመጣ ብረት ነው። ማግኔት የማያነሣው ግራጫ ብናኝ ከብሮንዝ የላይኛው ሽፋን ወይም ከፒስቶን ሊሆን ይችላል፤ ቀላ ያለው ቅርፊት ግን ከብሮንዙ ሁለተኛ ሽፋን የሚመጣ መዳብ ያለበት ነገር ስለሆነ፣ የላይኛው ሽፋን ተበልቶ ማለቁን ያሳያል። በጣታቸው ሲያሹት ደግሞ ሸካራ አፈር ነበረበት፤ «ይህ ከየት ገባ?» ብለው ወረቀቱን ለብቻው አስቀመጡት።

ድምፅም ይመረመራል። ሞተሩ ጭነት ሲይዝ ከታች የሚሰማ ከባድ ጉምጉምታ ኮሎው ከአካሉ ጋር የሚያርፍባቸውን ብሮንዞች፣ ነዳጅ ሲለቀቅ የሚሰማ ጠንከር ያለ ኳኳታ ደግሞ የቢየላውን (ፒስቶኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘውን ክንድ) ብሮንዝ ያስጠረጥራል። መካኒኩ የአንዱን ኢንጀክተር ቧንቧ ዳዶ ላላ አድርጎ ያንን ሲሊንደር ሥራ ሲያስፈታው ድምፁ ከቀነሰ ጥፋቱ በዚያ ቢየላ ላይ ነው። ከኢንጀክተር ቧንቧ የሚረጭ ናፍጣ ቆዳ በስቶ የሚገባ ኃይል ስላለው እጅ ወደዚያ አይጠጋ፤ ይህን ሥራ ለሚያውቀው ሰው ተዉለት።

ኮፓውን ማውረድ እንደ መኪና ቀላል አይደለም። በዚህ ትራክተር ላይ ኮፓው ስስ ቆርቆሮ ሳይሆን ከባድ ቀልጦ የተሠራ ብረት ነው፤ የፊት አክስሉ መያዣም ከሞተሩ ጋር ስለሚታሰር ትራክተሩ በሚገባ ሳይደገፍ ቡሎን የሚፈታ ሰው ሕይወቱን ያስይዛል። የመኪና ጃክ ብቻውን አይታመንም፤ ወፍራም የእንጨት ድጋፍ ከግራና ከቀኝ መግባት አለበት።

አንድ የኮሎ ክዳን ሲወርድ ነገሩ ሁሉ ግልጽ ሆነ። ግማሽ ክብ የሆነው ስስ ብሮንዝ ከዳር ዳሩ ግራጫ ሆኖ መካከሉ መዳብ መስሏል፤ በርዝመቱም ጥፍር የሚይዙ ጭረቶች ተሰልፈውበታል፤ ወደ ፀሐይ ሲዞር ብረቱ ውስጥ የተቀበሩ የአሸዋ ቅንጣቶች ነጥብ ነጥብ ሆነው ያበራሉ። የቀሩት አራት የኮሎና አራት የቢየላ ክዳኖች ሲፈቱ አዛውንቱ በእያንዳንዱ ላይ ቁጥርና አቅጣጫ በነጥብ መቱበት። ክዳን ከክዳን ከተለዋወጠ ወይም ተገልብጦ ከገባ አዲሱ ብሮንዝ ሳይውል ሳያድር ይቃጠላልና፣ ጋራዥ ውስጥ ክዳኖቹ በአንድ ባልዲ ተደባልቀው ካያችሁ ዝም አትበሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ቅደም ተከተል ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ብሮንዝ አስቀድሞ አይገዛም። መጀመሪያ ትራክተሩ ከመሀል ተከፍሎ ኮሎው ይወጣል፣ በማይክሮሜትር በየቦታውና በየአቅጣጫው ይለካል፣ ክብነቱን ካጣ ይሞረዳል፤ ብሮንዝ የሚገዛው በተሞረደው መጠን ነው። የሞረዳው ደረጃ በተለምዶ 0.25፣ 0.50 ወይም 0.75 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ኮሎው ከዚህ ቀደም ተሞርዶ እንደሆነ አሮጌው ብሮንዝ ጀርባ ላይ የተመታው ቁጥር ይናገራልና ብሮንዙን ሳታዩ አትጣሉት። የእኛው አንድ ጊዜ ተሞርዶ ስለነበር ሁለተኛው ደረጃ ላይ ደረሰ። ባሕር ዳር ያለው ቶርኖ ቤት ሥራውን ሲጨርስ ሁለት ነገር እንድናይ ተነግሮን ነበር፤ አንደኛው ኮሎው ከጎኑ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ ያለው ክብነት መጠበቁ ነው፤ ስለታም ሆኖ ከተቆረጠ ኮሎው ከዚያ ላይ ይሰበራል። ሁለተኛው በኮሎው ውስጥ ያሉት የዘይት መተላለፊያ ቀዳዳዎች ናቸው። የሞረዳ ብናኝ እዚያ ውስጥ ይቀራል፤ ሞተሩ በተነሳ ጊዜ ቀጥታ ወደ አዲሱ ብሮንዝ ይገባል። ቀዳዳዎቹን በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ አጥበን፣ በነፋስ ነፍተን፣ ነጭ ጨርቅ አስገብተን ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ደጋገምነው።

ገጠማው የተካሄደው በመጠን ማጥበቂያ ቁልፍ ነው፤ «በክንዴ እገምታለሁ» የሚል መካኒክ ለፍሬን ይሁን እንጂ ለኮሎ አይሆንም (ለፍሬንም ቢሆን አልወድም)። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ነዳጁ ተቋርጦ በስታርተር ብቻ እየተዞረ ጌጁ ግፊት እስኪያሳይ ድረስ ተጠበቀ። ደረቅ ብሮንዝ ላይ ሞተር ማስነሳት የጥቂት ሰከንድ ሥራ ቢመስልም ጉዳቱ ዕድሜ ልክ ነው።

ያ ለብቻው የተቀመጠው አፈር ያለበት ወረቀት ምስጢሩ የተገኘው ከአየር ማጣሪያው ወደ ሞተሩ በሚገባው ላስቲክ ላይ ነው። በታች በኩል፣ በዓይን በማይታይበት ጎን፣ ማሰሪያው የያዘበት ቦታ ተሰንጥቆ ኖሯል። ነጭ ጨርቅ ወደ ውስጥ ሲገባ ቀይ አፈር ይዞ ወጣ። በበጋ ደረቅ መሬት ስናርስ ትራክተሩ የሚንቀሳቀሰው በራሱ አቧራ ውስጥ ነው፤ ያ አቧራ በማጣሪያው ሳያልፍ ሲሊንደር ውስጥ እየገባ ፋሻውን በላ፤ ፋሻውን አልፎ ዘይቱ ውስጥ ወርዶ ብሮንዙን በላ። የመጀመሪያው ጋራዥ ፋሻ ሲቀይር ይህን ላስቲክ መልሶ ስለገጠመው አዲሱ ፋሻም በዚያው አፈር ሲሠራ ነበር ማለት ነው። ሁለቱን ሕመሞች ያመጣው አንድ ስንጥቅ ነበር፤ ላስቲኩ ደግሞ በዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ከርካሾቹ አንዱ ነው።

ይህን ለማወቅ ሞተር መፍታት አያስፈልግም። ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ሳለ የአየር ማስገቢያውን አፍ በጠፍጣፋ ጣውላ ግጥም አድርጋችሁ ክደኑት፤ መሳቡ ኃይለኛ ስለሆነ በመዳፍ አይሞከር። መስመሩ ያልተቀደደ ከሆነ ሞተሩ ታፍኖ ይጠፋል። እየተንደፋደፈም ቢሆን መዞሩን ከቀጠለ በሌላ ቦታ አየር እያገኘ ነውና ቦታውን ፈልጉ። ማጣሪያው በዘይት ውስጥ አየር የሚያሳልፍ ዓይነት ከሆነ ሳህኑን በደረቅ ወቅት በየቀኑ እያወረዳችሁ ጭቃውን ድፉ፣ ዘይቱንም እስከ ምልክቱ ብቻ ሙሉ። ወደ ሞተር የሚገባው ዘይትም ክዳን በሌለው ጀሪካንና በማሳ ዳር በተጣለ ማጥለያ ከተቀዳ ያው አፈር በሌላ በር ገባ ማለት ነው።

ሞተሩ ከተገጠመ በኋላ ተመሳሳይ ሥራ ላይ ሞቆ ሲለካ በሙሉ ፍጥነት 46፣ በዝግታ ሲዞር 22 ፒ ኤስ አይ አሳይቷል፤ የተሞላውም በመጽሐፉ የታዘዘው 15/40 ዘይት ነው። የመጀመሪያውን ዘይትና ፊልትሮ ከተለመደው ጊዜ አስቀድመን ቀየርን፤ ፊልትሮውንም እንደ በፊቱ ቆርጠን አየነው፤ ጥቂት ግራጫ ብናኝ እንጂ መዳብ አልነበረበትም። ጌጁን ነቅለን አልመለስነውም፤ ከመሪው አጠገብ ታስሮ፣ መስታወቱ ላይ በቀይ ቀለም 30 ላይ መስመር ተሰምሮበታል፤ ነጂው ማታ ሥራ ሲያቆም በትኩሱ ያነበበውን ቁጥር ከሥራ ሰዓቱ ጋር በደብተር ይጽፋል። አንድ ነገር ግን ሳይጠናቀቅ ቀርቷል። የዘይት ፖምፓው ጥርሶች ክፍተት በስስ መለኪያ ሲለካ ወደ ገደቡ የተጠጋ ሆኖ ሳለ፣ የሚታመን መለወጫ በወቅቱ ስላላገኘን አሮጌው ተመልሶ ገብቷል። በደብተሩ ላይ የትኩስ ሞተር ቁጥር ወደ 40 መውረድ ከጀመረ፣ አለዚያም ከመኸር በኋላ ትራክተሩ ሥራ ሲፈታ፣ ኮፓው ወርዶ ፖምፓው ብቻ ይቀየራል።